«አይነሱም እንዴ?»

ባንኮክ የሄድነው ለመዝናናት አልነበረም። እቴቴን ለማሳከም ነው። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልቧ ላይ ችግር ሳይኖር አይቀርም ሲባል፣ አሜሪካ ያለችው ልጇና እኔ ተዋጥተን ይዣት ሄድኩ። ምርመራው አለቀና ውጤቱን እስከ ሰኞ ጠብቁ ተባልን። ያረፍነው ናና የሚባለው ሰፈር ነው፤ ለሕክምና የሚመጣ ሐበሻና ዐረብ ስለሚበዛበት እንጀራ እንኳ አይጠፋም። እቴቴ ግን ከሆቴልና ከሆስፒታል ሌላ ምንም አላየችም። ቅዳሜ ማታ፣ «እስቲ አገሩን አሳየኝ። ስመለስ ምን አየሽ ሲሉኝ ግድግዳ ልል ነው?» አለችኝ።

ያዎራት ወሰድኳት።

ያዎራት የባንኮክ ቻይናታውን ዋና ጎዳና ነው። ቀን ቀን የወርቅ ቤቶች ሰፈር ነው። ሲመሽ ወርቅ ቤቶቹ ይዘጉና መንገዱ ዳር ምድጃ፣ ምጣድና የፕላስቲክ ወንበር ይዘረጋል። ከላይ በቻይንኛና በታይኛ የተጻፉ የኒዮን ማስታወቂያዎች፣ ከታች ጭስ። የባሕር ምግብ በከሰል ይጠበሳል፤ የአሳማ ሆድ ዕቃ ቁንዶ በርበሬ በበዛበት መረቅ ይቀቀላል፤ ሽታው ከሩቅ የሚመታው ዱሪያን የሚባል ፍሬ እየተፈለጠ ይሸጣል። ሰው ቆሞ ይበላል፣ እየሄደ ይበላል፣ አስፋልት ዳር ተቀምጦ ይበላል።

እኛ ቤት መንገድ ላይ መብላት ነውር ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ብስኩት እየበላሁ እቴቴ ካየችኝ አለቀልኝ። «ጅብ ነህ እንዴ?» ትለኛለች። የሚገርመው፣ ይህን የምትለኝ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ለመንገደኛ ፓስቲ የምትሸጥ ሴት ናት።

ዐቢይ ጾም ስለነበር የገበያው አብዛኛው ለእኛ አይሆንም። ሐኪሙ ባይከለክላትም ባይከለክለውም እሷ «የመረመሩት ልቤን እንጂ ነፍሴን አይደለም» ብላ ጾማለች። የቀረን ማንጎ ነው። እዚያ ማንጎን በኮኮናት ወተት ከራሰ ተጣባቂ ሩዝ ጋር ይበሉታል። «ሩዝ በፍራፍሬ?» ብላ ፊቷን አጨማደደች። ቀመሰች። ዝም አለች። ከዚያ በፕላስቲክ ማንኪያው ጠቅልላ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ እኔን የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ አጎረሰችኝ።

ትንሽ እንደሄድን ቆመች። አንዲት ሴት ትልቅ ምጣድ ሙሉ የፈላ ዘይት ፊቷ አስቀምጣ ፓቶንግኮ ትጠብሳለች። ፓቶንግኮ ማለት ሁለት አጫጭር የሊጥ ዘንጎች መሃላቸው ላይ ተጣብቀው ዘይት ውስጥ የሚገቡበት፣ ሲያብጡ የሚገለበጡበት ነገር ነው። በቃ ፓስቲ ነው፤ ቅርጹ ብቻ ይለያል። እቴቴ እንቁላል ሊኖረው ይችላል ብላ አልበላችም፤ ግን ለማየት ቆመች። ቱሪስት እንደሚያየው አይደለም። አናጺ የሌላ አናጺ በር እንደሚያይ ነው ያየችው። «ዘይቱ ንጹሕ ነው። እሳቱን ግን ትንሽ አብዝታዋለች» አለችኝ።

እንዲህ ቆመን ሳለ አንድ ፖሊስ በሻጮቹ መሃል መጣ። የእቴቴ ጣቶች ክንዴ ላይ ሲጠብቁ ተሰማኝ። ፖሊሱን አይደለም ያየችው፤ ሻጯን ነው።

«ዘይቱ!» አለች፣ ጮክ ብላ፣ በአማርኛ።

ሻጯ ቀና ብላ አየቻት፤ ምን እንደተባለች አልገባትም፤ ፈገግ ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ፖሊሱም አለፈ። እቴቴ እሱ በሕዝቡ መሃል እስኪጠፋ በዓይኗ ሸኘችውና ወደ እኔ ዞረች።

«አይነሱም እንዴ?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

እቴቴ ለሃያ ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ፓስቲ ሸጣለች። እኔ ምህንድስና የተማርኩት በዚያ ፓስቲ ነው። ፓስቲ ሻጭን ከሌላው የጉልት ነጋዴ የሚለያት አንድ ነገር አለ፤ ሲያስነሷት መሮጥ አትችልም። ሽንኩርት የዘረጋች ሴት የላስቲኳን አራት ጫፍ ሰብስባ ብድግ ትላለች። የፈላ ዘይት ግን እንዴት ይሰበሰባል? እቴቴ ግራ ክንዷ ላይ ከክርኗ እስከ አንጓዋ የሚወርድ ጠባሳ አለ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነ ነው። ማንም አልገፋትም። «መጡ! መጡ!» ሲባል ራሷ ምጣዱን ይዛ ለመነሳት ስትጣደፍ ነው የፈሰሰባት። በማግስቱ ክንዷን በሻሽ ጠቅልላ በአንድ እጇ ሊጥ አቦካች።

ጠባሳውን በየቀኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። እንግዲህ አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ፣ የከተማ ነዋሪዎች ቅሬታ የሚያቀርቡበት አፕ ሠርተን ነበር። ደንበኛው ማን እንደነበር መጥቀስ አያስፈልግም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ፎቶ አንሳ፣ ቦታው በጂፒኤስ ይያዛል፣ ዓይነቱን ምረጥ፣ ላክ። የዓይነቶቹን ዝርዝር ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። «የተበላሸ የመንገድ መብራት»። «የውሃ ፍሳሽ»። «የቆሻሻ ክምር»። «ሕገወጥ የጎዳና ላይ ንግድ»። በዚሁ ቅደም ተከተል። እያንዳንዱ ጥቆማ ሦስት ደረጃ አለው፦ «ተከፍቷል»፣ «በሂደት ላይ»፣ «ተፈትቷል»። የመጨረሻው አረንጓዴ ነው።

አፑን ለመሞከር ፎቶ ያስፈልገን ነበርና ከቢሮው ወረድኩ። ማዶ ቅቅል ድንች በዳጣ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከእሷ ብዙ ጊዜ ገዝቻለሁ። ፎቶ አነሳኋት፤ ዓይነቱን መረጥኩ፤ ላክሁ። ከዚያ በአስተዳዳሪው ገጽ ገብቼ «ተፈትቷል» የሚለውን ስጫን አረንጓዴ ሆነች። «ሠራ!» ተባባልን። ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም፤ ሙከራ ነበር። ግን ያን ቀን ለአንዲት ሰከንድ እንኳ የእቴቴ ክንድ ትዝ አላለኝም። እውነቱ ይኸው ነው። ትዝ ብሎኝ ችላ ብዬው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መጥፎ ሰው ነኝ እል ነበር። ትዝ አለማለቱ ግን ምን ይባላል?

ለብዙ ቀን ያሰብኩበት ነው፤ ቃሉ ይመስለኛል። እኛ ቤት የእቴቴ ሥራ «ጉልት» ነበር የሚባለው። «ጉልት ወጥታለች»፣ «ከጉልት ስትመለስ» እንል ነበር። «ሕገወጥ የጎዳና ላይ ንግድ» የሚል ቃል በቤታችን ተነግሮ አያውቅም። በጥንቱ የመሬት ሥሪት ደግሞ ጉልት ማለት ባለጉልቱ ከገበሬው ግብር የሚሰበስብበት መብት ነበር። ያው ቃል አንድ ጊዜ የመኳንንት መብት፣ ሌላ ጊዜ የድሃ ሴት መቀመጫ ሆኗል። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ስም ሰጠሁት፤ ከቆሻሻ ክምር ቀጥሎ ደረደርኩት። ስሙ ሲለወጥ ሰውዬዋም ከፊቴ ጠፋች።

ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች «ተጠቃሚ» የሚል ቃል አለን። ሁሉን ነገር የምናስበው ለተጠቃሚው ነው፤ ይመቸው፣ አይሰልቸው፣ ሦስት ጊዜ ነክቶ ይጨርስ። በዚያ አፕ ተጠቃሚው ስልኩን የያዘው ነው። ፎቶው ውስጥ ያለችው ሴት ግን ተጠቃሚ አይደለችም፤ መረጃ ናት። እሷ የምትገባበት ገጽ የለም፤ «ይህ ጥቆማ ስለ እኔ ነው» የምትልበት ቁልፍ የለም። ማንም በክፋት አላስቀራትም። ስብሰባው ላይ ስላልነበረች ብቻ ነው።

ጆን ሮልስ የሚባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው መጽሐፍ ያቀረበው አንድ ሐሳብ አለ፦ ኅብረተሰብ ውስጥ የትኛው ቦታ እንደሚደርስህ ሳታውቅ ሕጉን አውጣ። ሀብታም ትሁን ድሃ፣ ጤነኛ ትሁን ሕመምተኛ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤው ጥሩ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ወደ ራሴ ሥራ ስተረጉመው እንዲህ ይሆናል፦ ከካሜራው በየትኛው በኩል እንደምትቆም ሳታውቅ አፑን ሥራ። እኔ ግን በሁለቱም በኩል ቆሜ አውቃለሁ። ለእኔ መገመት አያስፈልገኝም ነበር፤ ማስታወስ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

እዚህ ላይ፣ «በቃ ባንኮክ ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ መጥፎ ነው» ብዬ ብደመድም ይቀለኝ ነበር። እውነት ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የባንኮክ ከተማ አስተዳደር የጎዳና ሻጮችን ከእግረኛ መንገዶች ሊያጸዳ መሆኑ ሲሰማ ዓለም ጮኸ። ከዚያ በኋላ፣ አይ፣ ያዎራትና የወጣት ጎብኚዎች ሰፈር የሆነው ካኦሳን ይቆያሉ ተባለ፤ ቱሪስት የሚወዳቸው ናቸውና። ሌላ ቦታ የነበሩ ብዙ ሻጮች ግን ተነሱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሚሽለን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የመጀመሪያውን የባንኮክ እትም አወጣ፤ ኮከብ ካገኙት አንዷ ጄይ ፋይ ናቸው። ያኔ በሰባዎቹ ዕድሜ የነበሩ ሴት፣ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቤት፣ ከዘይት ፍንጣሪ የሚከላከል የበረዶ ሸርተቴ መነጽር አድርገው፣ በከሰል እሳት የሚሠሩ። የሸርጣን ኦምሌታቸው በውድነቱ ይታወቃል። «ጄይ» በባንኮክ ቻይናውያን አጠራር ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እቴቴ እንደማለት። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፤ አንዷን እቴቴ በኮከብ፣ ሌላዋን እቴቴ በመጥረጊያ።

ስለዚህ የእኔ እቴቴ ያየችው ሰላም ሙሉው እውነት አይደለም። ያ መንገድ ሲተርፍ የተሰጠው ምክንያት የሻጮቹ ኑሮ ሳይሆን ጎብኚው ነው፤ ማለትም እኔ። አገሬ ላይ ካሜራዬን ያነሳሁት ላስነሳ ነው፤ እዚያ ያነሳሁት ላደንቅ ነው። ሁለቱም ጊዜ ግን ጉዳዩ እኔ ደስ ይለኛል ወይስ አይለኝም የሚል ነበር። በየቀኑ የማላልፍበትን መንገድ የዘጋ ሻጭ መውደድ ምንም አያስከፍልም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ረፍዶብኝ እግረኛ መንገዱን የዘጋችብኝን መውደድ ነው ፈተናው።

መዝጋቱ ደግሞ ውሸት አይደለም። እግረኛ መንገድ ሲዘጋ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው አስፋልት ላይ ይወጣል። ኪራይና ግብር የሚከፍለው ባለሱቅ በሩ ላይ ያለ ኪራይ ሲሸጥበት ይናደዳል፤ ቢናደድም አልፈርድበትም። ውሃ በሌለበት ምግብ ሲሠራ ሰው ይታመማል። «ድሃ ስለሆኑ ተዉአቸው» ብሎ መዝጋት ለእነዚህ ሁሉ መልስ አይሆንም።

በሌላ በኩል፣ ጎዳና ላይ የሚሸጠው ማን እንደሆነ አስቀድመን የምናውቅ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1997 የታይላንድ ባት ሲወድቅ ያላቸውን ሁሉ ካጡት አንዱ ሲሪቫት የተባሉ የአክሲዮን ነጋዴ ነበሩ። ሚሊዮን ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት ሰውዬ ሳንድዊች የሞላ ሣጥን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ባንኮክ ጎዳና ላይ ወጡ። በዚያው ሥራ ነው ዳግም የቆሙት። ጎዳናው ማመልከቻ አልጠየቃቸውም፤ የሥራ ልምድ አምጡ አላላቸውም። ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ ክፍት የሚቀረው በር እሱ ነው። እኛ ያንን በር ስንዘጋ ምን እንደምንዘጋ ማወቅ አለብን።

ሲንጋፖር ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጎዳና ሻጮቿን መዘገበች። ከዚያ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ ያላቸው የምግብ አዳራሾች እየሠራች እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደዚያ አዛወረቻቸው። በ2020 ዩኔስኮ ያንን ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር መዘገበው። ሲንጋፖርም ከጎዳና አስነስታለች፤ ያውም ሁሉንም። ግን ስትነሺ የምትሄጂበት ቦታ ነበር። ጊዜም ወስዶባታል፤ አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው። አንድ ሌሊት አይደለም።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔ የነበረኝ ጥያቄ ልንገራት ወይስ ልተወው የሚል ነበር።

እሑድ ማታ ሆቴል ውስጥ ነገርኳት። አፑን፣ ዝርዝሩን፣ ድንች ሻጯን፣ አረንጓዴውን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ቅባት እየቀባች ሰማችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ወይም ታለቅሳለች።

«ታዲያ መንገዱን ዘግተን አልነበር?» አለችኝ።

ምን እንደምል ጠፋኝ።

«አንድ ጋሪ የሚገፋ ልጅ ነበር፤ በእኔ ምክንያት አስፋልት ላይ ይወጣ ነበር። መኪና ይገጨዋል እያልኩ እሰቀቅ ነበር። ተነሱ ማለታቸው ጥፋት አይደለም፣ ልጄ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።»

«ምን?»

«ተነሺ ይሉኛል እንጂ ወዴት አይሉኝም። መቼ እንደሚመጡም አይነግሩኝም። ነገ ይህን ያህል ሰዓት እንመጣለን ቢሉኝ ዘይቱን አላፈላውም ነበር።»

ቅባቱን ከደነችና ተኛች። እኔ አልተኛሁም። ሃያ ዓመት ፍልስፍና ባነብ እንዲህ አጥርቼ አላስቀምጠውም። ሥርዓት ማስከበርና ሰው ማንገላታት የሚለያዩበት መስመር የት ነው? እኔ ሥርዓት ጨካኝ ነው፣ ርኅራኄ ደግሞ ዝርክርክ ነው እያልኩ በሁለቱ መሃል ስዋልል ነበር። እሷ ግን የምትለው ሌላ ነው፦ ሥርዓት አብጁ፤ ግን ቀኑን ንገሩኝ፤ ቦታውን አሳዩኝ። ዋጋውን እኔ ብቻ፣ ያውም በድንገት፣ አትክፈል አትበሉኝ አይደለም፤ እኔ ብቻዬን አልክፈለው ነው። በእኔ ፎርም ላይ «ምን?» የሚል ሳጥን አለ፤ «የት?» የሚል አለ። «ወዴት?» የሚል የለም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው።

ሰኞ ውጤቱ መጣ። ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም፤ መድኃኒትና ክትትል ይበቃታል። ደስ ብሏት፣ «ያቺን ፓስቲ ሻጭ ልሰናበታት» አለችኝ። ሄድን። ኒዮኑ እንዳለ ነው። መንገዱ ዳር ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹ ምድጃዎች የሉም። የፓቶንግኮዋ ሴትም የለችም። እቴቴ ቦታው ላይ ደርቃ ቀረች።

«ተነሱ» አለች፣ ቀስ ብላ። እንደ ጥያቄ አይደለም። እንደምታውቀው ነገር።

«አይደለም፣ እቴቴ። ሰኞ ስለሆነ ነው። ሰኞ የጽዳት ቀን ነው፤ የጎዳና ሻጭ አይወጣም። ነገ ይመለሳሉ።»

«ሁሌ ሰኞ?»

«ሁሌ ሰኞ።»

«ያውቁታል ቀኑን?»

«ያውቁታል።»

ባዶውን መንገድ ለረጅም ጊዜ አየችው። የታጠበው አስፋልት ላይ የወርቅ ቤቶቹ ቀይ መብራት ያበራል። «እንዲህማ ከሆነ» አለች፤ አልጨረሰችውም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ባቡሩ መራችኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ እዚያ መሥሪያ ቤት ለቀረ ጓደኛዬ ጻፍኩለት። አፑ አሁንም ይሠራል። «አንድ ሳጥን ጨምሩ። ጥቆማው ‹ተፈትቷል› ከመባሉ በፊት ‹ወዴት?› የሚል ይሞላ፤ ካልተሞላ አረንጓዴ አይሁን» አልኩት። ለመሥራት ግማሽ ቀን አይፈጅም። መጀመሪያ የሳቅ ምልክት ላከልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሌላ መልእክት መጣ።

«ሳጥኑን ዛሬውኑ እሠራዋለሁ» ይላል። «ግን ማን ይሞላዋል?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።